የአደራ እግር

እናቴ የሰው ዕቃ ሳታስፈቅድ ነክታ አታውቅም። የጎረቤት ወንፊት ከተዋሰች ፀሐይ ሳትጠልቅ ትመልሳለች፤ ከመለሰች በኋላም እኔን ትልከኝና «ወንፊታችሁ ደርሷል ወይ?» ብዬ እንድጠይቅ ታደርገኝ ነበር። የልጅነቴን ግማሽ ያሳለፍኩት የተመለሰ ዕቃ መመለሱን ለማረጋገጥ ስመላለስ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም። ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በስትሮክ ከተመታች በኋላ ግራ እግሯን አይታ «ይሄ የኔ አይደለም» ስትል፣ በዚያ እግር አልራመድም ማለቷ የማይቀር ነበር። የሰው እግር ነዋ! ባለቤቱ ሳይፈቅድ እንዴት ይሄዱበታል?

እኔ ዲላ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እናቴ የምትኖረው ከቡሌ ከተማ ከፍ ብሎ፣ ጭጋጉ እስከ ረፋድ በማይለቀው፣ እንሰትና ቀርከሃ በከበበው መንደራችን ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። «ብቻዋን» ስል ግን ከአጥር ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን ሳልቆጥር ነው። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተዳሩ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንሰት የፋቁ፣ በሳምንት አንዴ ተኳርፈው በማግስቱ የሚታረቁ ሴቶች ናቸው። ለኔ ሁለተኛ እናቴ ናት፤ «አንቺ» ነው የምላት። እናቴን ደጃፏ ላይ ወድቃ ያገኘቻትም፣ ጮኻ መንደሩን የሰበሰበችውም እሷ ናት። ሰዎቹ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪና መንገዱ አደረሷት፤ ከዚያ በሚኒባስ ዲላ አውርደው ሆስፒታል አስገቧት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንደበቷ አልተነካም። ከአካልሽ ሁሉ አንድ ብቻ ምረጪ ቢሏት ምላሷን የምትመርጥ ሴት ናት። ግራ እጇም ለጥቂት ቀናት ዝሎ ከረመና ኩባያ ለመያዝ በቃ። ችግሩ እግሯ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ትዕግሥቷ ከኔ ጋር አይወዳደርም። እግሩን አንስታ፣ ገፍታ፣ ጎትታ መረመረችና «ጉልበት አለው፤ መቆም ይችላል» አለችኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞራ «እማማ፣ ይሄ እግር የማን ነው?» ስትል ጠየቀቻት። እኔ ይሄ ደግሞ የምን ጥያቄ ነው ብዬ በልቤ ሳቅሁ።

እናቴ እግሩን አተኩራ አየችው። እኛ ቤት የሚወራው ጌዴኦኛ ነው፤ የሷ አማርኛ የገበያ አማርኛ በመሆኑ ወንዱና ሴቱ ይቀላቀልባታል።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «የኔ አይደለችም። ይሄ እግር ከባድ ናት።»

«ታዲያ የማን ይሆን?»

«የጎረቤቴ ናት» አለች ሳታመነታ። «እሷ ዕቃ ትረሳለች። አሁን እዚያ ቤቱን ገልብጣ ትፈልጋለች።»

ሳቄ እዚያው ቀረ። እናቴ አብዳለች ብዬ ደነገጥኩ።

ሐኪሟ ግን እናቴ እንዳላበደች አስረዳችኝ። የት እንዳለች ታውቃለች፣ እኔን ታውቀኛለች፣ ዕለቱ ምን እንደሆነም ታውቃለች። የተጎዳው በቀኝ በኩል ያለው የአንጎሏ ክፍል ነው። ዓይን ያየውን፣ ቆዳ የተሰማውንና ጡንቻ የሚናገረውን አሰባስቦ «ይሄ የኔ ነው» የሚለው ሥራ በብዛት የሚሠራው እዚያ ነው። እኔ አካሌ የኔ መሆኑን ስወለድ አንዴ ተሰጥቶኝ ያለቀ ጉዳይ አድርጌ እወስደው ነበር። ለካ እንደ ቀበሌ መታወቂያ የሚታደስ ነገር ኖሯል፤ ያውም በየዓመቱ ሳይሆን በየቅጽበቱ። የእናቴ አንጎል የግራ እግሯን መታወቂያ ማደሱን አቁሟል። ይህን ሁሉ ዘመን ስለ አንጎል ሳስተምር አንድም ቀን እግሬን አይቼ «የኔ መሆንህን በምን አወቅሁ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አስተማሪ ተብዬ!

«እግሯን የኔ ነው እስክትል ድረስ ብቻዋን መኖር የለባትም» አለች ሐኪሟ። «ሰው የራሱ ያልሆነውን እግር አይጠብቅም። እሳት ላይም ብታሳርፈው አታስተውልም። ደግሞ ቶሎ ካልሠራችበት ይመነምናል።» ፊቴን አይታ መሆን አለበት፣ «አይዞህ፣ ብዙዎቹ እየቆዩ ይመለሳሉ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ጨመረች።

እናቴ ከአልጋዋ ሰምታለች። «እንቁላሉም በራሷ እግር ነው የምትሄደው» አለች።

ከሆስፒታል ወጥታ እኔ ቤት ገባች። ዲላ ይሞቃታል፣ የባጃጁ ጩኸት ይረብሻታል፣ ውሃው ውሃ አይመስላትም። በየቀኑ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ቤቴ መልሰኝ»። ጓሮዋ ውስጥ የደረሱ እንሰቶች አሉ። እንሰት ጊዜው ካለፈና ካበበ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የሴቶቹ የሥራ ተራም ወደ እሷ ጓሮ እየመጣ ነበር። እኔ ደግሞ በልቤ ቆርጬ ነበር። እግሯ ካልተመለሰላት ጓሮውን ለዘመድ ሰጥቼ፣ ቤቱን ቆልፌ እዚሁ ዲላ አኖራታለሁ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «እዚህ አምጥተህ ከተከልካትማ ትደርቃለች» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ እኔም ስላወቅሁት ተናደድኩ።

እንቅስቃሴ በቀን ሁለት ጊዜ ታዞላታል። «እማዬ፣ ግራ እግርሽን አንሺ» እላለሁ፤ ቀኙን ታነሳለች። «ያኛውን» ስላት «እሱን ባለቤቱን ጠይቅ» ትላለች። አንድ ቀን ባለቤቴ ሻይ ስታቀብላት ትኩሱ ግራ እግሯ ላይ ፈሰሰ። እናቴ እግሩን እንኳ አልሰበሰበችም። ሻዩ በጣቶቿ መሃል ሲወርድ እያየች፣ በሐዘኔታ፣ «ውይ ልጄ፣ የሰው እግር አቃጠልሽ» አለች። ባለቤቴ ወጥ ቤት ገብታ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ሳትጠርግ መሳቅ ጀመረች። ቤታችን ያን ሰሞን እንዲህ ነበር፤ የሚለቀሰውና የሚሳቀው በአንድ ነገር ነው።

አንድ ነገር ግን ደግ ሆነልን። የአደራ ዕቃ ሲመለስ ከተቀበሉት የተሻለ ሆኖ መመለስ አለበት ብላ ስለምታምን፣ ያንን እግር ከራሷ እግር አብልጣ ትንከባከበው ነበር። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴን «ለጎረቤቴ እግር ቫዝሊን ቀቢለት» ትላለች፤ ቀኙ ተሰነጣጥቆ ሳለ ግራው ያብለጨልጫል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ትለኛለች፤ እኔ እግሩን የምሰርቅባት ይመስል።

እኔም በበኩሌ በሳይንስ ተነሳሁ። ከዓመት በፊት ለተማሪዎቼ አንድ ጨዋታ አሳይቻቸው ነበር። ከአማቶቼ ሱቅ ቢጫ የላስቲክ ጓንት አምጥቼ በጨርቅ ጠቀጠቅሁት። አንዲት ተማሪ እጇን ካርቶን ጀርባ ደበቀች፤ ጓንቱን እጇ ሊሆን በሚችልበት ቦታ ፊቷ አስቀመጥኩት። ከዚያ በሁለት የጥርስ ብሩሽ የተደበቀውን እጇንና ጓንቱን እኩል፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ እዳብስ ጀመር። ዓይኗ ጓንቱ ሲዳበስ ያያል፤ ቆዳዋ መዳበሱ ይሰማዋል። ትንሽ ቆይታ «ቲቸር፣ የኔ መሰለኝ እኮ!» ብላ ሳቀች። እኔ ሳላስጠነቅቃት ጓንቱን በማስመሪያ ቸብ ባደርገው ካርቶኑን ገልብጣ ከወንበሯ ተነሳች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለላስቲክ የደነገጠች ልጅ! ብሩሾቹ እኩል ካልሄዱ ግን፣ አንዱ ከቀደመና ሌላው ከዘገየ፣ ጓንቱ ጓንት ሆኖ ይቀራል።

አንጎል በዚህ ያህል ቀላል ብልሃት ጓንት የሚቀበል ከሆነ የገዛ እግሩን እንዴት አይቀበልም? ብሩሾቹን አምጥቼ የእናቴን እግር አዳበስኩ። «ምን ታደርጋለህ? ጥርስ አለው እንዴ?» አለችኝ። የቁም ሳጥኑን መስታወት ፈትቼ ቀኝ እግሯ የግራውን ቦታ ይዞ እንዲታያት አቆምኩት። ወደ መስታወቱ ዘንበል ብላ ሻሿን አስተካከለች። «ከስቻለሁ» አለች፤ ስለ እግሩ አንድም ቃል አልወጣትም።

መጨረሻ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ተንበርክኬ የእጇን ጣት በግራ እግሯ አውራ ጣት ላይ አድርጌ ጀመርኩ፤ «ይሄ ጣት ከዚህ እግር ጋር ነው? እግሩ ከጉልበት ጋር ነው? ጉልበቱ ከጭን ጋር? ጭኑስ የማን ነው?» እያልኩ ወደ ላይ ወጣሁ። እናቴ እንደ ጥሩ ተማሪ ተከተለችኝ። ላይ ስንደርስ ወገቧን ዳሰሰችና ገርሟት «እውነትህን ነው፤ እኔ ላይ ነው የተሰፋው» አለች። «ማን ሰፋው?»

ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮህኩ። እሷ አየችኝና «የሰው ነገር የኔ ነው እንድል ነው የምትፈልገው?» አለችኝ። አፈርኩ። ለእሷ ጉዳዩ የሕክምና አይደለም፤ ልጇ ሌብነት እያስተማራት ነው።

ጎረቤታችን ዲላ የወረደችው በዚያው ሰሞን ነው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በጀርባዋ አዝላ፣ ከበር ጀምራ በጌዴኦኛ እየጮኸች ገባች። እናቴ ፊቷ በራ።

«መጣሽ? ይኸው እግርሽ» አለቻት፤ ነጠላዋን ገልጣ። «ቫዝሊን ሳላስቀባው አላደርኩም።»

እኔ በዓይኔ ለጎረቤታችን እጠቅሳለሁ፤ የኔ አይደለም በያት፣ ያንቺ ነው በያት እያልኩ። ሴትዮዋ እኔን አየችኝ፤ እግሩን አየች። ቆጮዋን አውርዳ ቁጭ አለችና ባቱን፣ በግ እንደሚገዛ ሰው፣ ጨብጣ መዘነችው።

«አዎ፣ የኔ ነው» አለች።

ደሜ ፈላ። ባለቤቴ ክንዴን ባትቆነጥጠኝ ኖሮ እሷም ላይ እጮህ ነበር።

«አደራ ነው ያስቀመጥኩብሽ» ቀጠለች ጎረቤታችን። «ግን እንዲህ በቫዝሊን ታሽቶ እንዲተኛ አይደለም። የኔ እግር ሥራ ፈቶ ውሎ ያውቃል? አበላሸሽብኝ! ተራመጂበት።»

«ፈቅደሽ ነው?»

«በሰው ፊት ፈቀድኩ። ልጅሽና ምራትሽ ምስክር ናቸው።»

እናቴ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ያንን እግር ከትራሱ ላይ በሁለት እጇ አንስታ፣ ሰሐን እንደምታስቀምጥ ሁሉ በጥንቃቄ መሬት ላይ አኖረችው። እኔና ጎረቤታችን በግራና በቀኝ ያዝናት። ቆመች! ከወደቀች ወር ሊሞላት ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቴ ቆመች፤ ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ ሦስት እርምጃ ሄደች። ባለቤቴ እልል አለች። እኔ የተማርኩት ሰው በብሩሽና በመስታወት ያልቻልኩትን ፊደል ያልቆጠረች ሴት በአንድ ፈቃድ ቻለችው። ደስታዬ ቅናት የተቀላቀለበት ነበር፤ ግን ደስታ ነበር።

ሐኪሟ ስትሰማ ሳቀች፤ ማስጠንቀቂያዋን ግን አልቀየረችም። እናቴ በእግሩ ትሄዳለች እንጂ የት እንደሚያርፍ አታይም፤ ድንጋይ ይግጨው ምን ይግጨው አትሰበስበውም። «አሁንም የሰው እግር ነው» አለች ሐኪሟ። የትምህርት ቤት እረፍት ሁለት ሳምንት ነበር። ለእናቴ ቁርጡን ነገርኳት፤ ሁለቱን ሳምንት እቤትሽ ከኔ ጋር ትቆያለሽ፣ እረፍቱ ሲያልቅ ግን እግሩን የኔ ነው ካላልሽ ቤቱን ቆልፈን እንመለሳለን። በማግስቱ ሚኒባስ ውስጥ፣ አየሩ እየቀዘቀዘና ቀርከሃው እየታየ ሲመጣ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች እንደ ልጅ ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ አይቼ፣ መልሼ የማወርዳት እኔ መሆኔን ሳስብ ፊቴን ወደ ሌላው መስኮት አዞርኩ።

የሥራው ተራ የእሷ ጓሮ ነበር። ወንዶቹ የደረሱትን እንሰቶች ነቅለን ጣልን፤ ከዚያ ውጡ ተባልን። በኛ አገር ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ አይጠጋም። ከተጠጋ ቆጮው ይበላሻል ይባላል። እኔ እንደ ባዮሎጂ አስተማሪ በዚህ ባላምንም እንደ እናቴ ልጅ ወጣሁ፤ ከቀርከሃው አጥር ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። በዓይኔ አላይም፤ በጆሮዬ ግን አንድም ነገር አያመልጠኝም።

«እግሬን አምጪው» ትላለች ጎረቤታችን። «ወደ ላይ! ሳንቃው ላይ!»

«ቀስ በይ፣ ትሰብሪዋለሽ» ትላለች እናቴ።

«የኔ አይደል? ምን ቸገረሽ!»

ሴቶቹ ይስቃሉ። ቆይቶ ቀርከሃው እንሰቱን ሲልገው ሰማሁ፤ ሸርር፣ ሸርር። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ እየተደናቀፈ፤ በኋላ እየተስተካከለ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሕፃን ሆኜ በጀርባዋ ታዝዬ ያየሁት ሁሉ ፊቴ መጣ። እንሰት የምትፍቅ ሴት መሬት ላይ ትቀመጣለች። ፊት ለፊቷ ሳንቃ ዘንበል ብሎ ቆሟል፤ ሳንቃው ላይ የእንሰቱ ልጥ ተዘርግቷል። ልጡ እንዳይንሸራተት አንድ እግሯን ወደ ላይ ሰቅላ በተረከዟ ጫፉን ትረግጠዋለች፤ በእጇ ደግሞ በቀርከሃው ወደ ታች ትፍቀዋለች። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ ሳንቃው ላይ የምትሰቅለው ግራ እግሯን ነው። እግሩ ከዓይኗ ፊት ነው። ቀርከሃው በወረደ ቁጥር ልጡ ተረከዟን ይጎትተዋል፤ እጇ ሲስብ ታያለች፣ በዚያችው ቅጽበት እግሩ ይሰማዋል። አንዱ አይቀድም፣ ሌላው አይዘገይም። ይሄ እኮ የኔ ጓንትና ብሩሽ ነው! ያውም ከኔው የተሻለ፤ ምክንያቱም የምትዳብሰው ራሷ ናት። አጥር ጀርባ ብቻዬን ሳቅሁ፤ መንገድ ላይ የምታልፍ ሴት ቆማ አየችኝና ፈጠን ብላ ሄደች።

ማታ ጎረቤታችንን ይዤ ነገሩን በትልቁ አስረዳኋት፤ ስለ ዓይን፣ ስለ ቆዳ፣ ስለ አንጎል። «እባክሽን፣ ስትሠራ እግሩን እንድታይ አድርጊያት» አልኳት።

«እንሰት የሚፍቅ ሰው ሌላ የት ሊያይ ነው?» አለችኝ።

እንደዚህ ቀናት አለፉ። እኔ ድንጋዬ ላይ ሆኜ እሰማለሁ። በሁለተኛው ቀን እናቴ «ይሄ እግርሽ ይንቀጠቀጣል፤ ምን አበላሽው?» አለች። በአራተኛው «እግርሽን ጭማቂው አሳከከው» አለች፤ አሳከከው የምትለው እንግዲህ ማን ተሰምቶት ነው? ልቤ መዝለል ጀመረ። ከዚያ ግን አዲስ ነገር ሳይሰማ ቀኖቹ አለፉ። ሁልጊዜ «እግርሽ»፣ «እግርሽ» ነው። የእረፍቴ መጨረሻ ደረሰ። የቤቱን ቁልፍ ፈልጌ ኪሴ ከተትኩ። ያን ቀን ጠዋት ለሚኒባሱ ሾፌር ደውዬ ለማግስቱ ሁለት ቦታ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። እናቴ ሰምታኛለች፤ ቀርከሃዋን ይዛ ወደ ጓሮ ሄደች።

የመጨረሻው ቀን ሥራ ነበር፤ የቀሩት ጥቂት ልጦች ናቸው። ድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ሸርር ሸርር የሚለውን እሰማለሁ፤ ከነገ ወዲያ ይህን ድምፅ የማልሰማ ይመስለኛል። በአጥሩ ሥር የጎረቤታችን ቀይ ዶሮ ስትገባ አየሁ። ፍቅፋቂው ውስጥ ትል አታጣም፤ ዝም አልኳት።

ትንሽ ቆይቶ ጩኸት ተሰማ።

«ወይኔ እግሬን! እግሬን በላችኝ!»

የእናቴ ድምፅ ነው። ወዲያው ቀርከሃ ሲወረወር፣ ዶሮ ስትንጫጫ፣ ሳንቃው ሲወድቅ ሰማሁ። ዶሮዋ አጥሩን በላዬ ዘላ አለፈች። ከዚያ ሸርር የሚለው ድምፅ ሁሉ ቆመ።

«አንቺ ደግሞ ምን አስጮኸሽ?» አለች ጎረቤታችን፤ ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ይዛ። «የተነከሰው የኔ እግር ነው።»

«የምን ያንቺ! ሂጂ ወዲያ!» አለች እናቴ። «አውራ ጣቴን ነው የነከሰችኝ! ያንቺ እግር ደግሞ መቼ እንዲህ አማረ!»

እልልታው እስከ ቡሌ ከተማ ሳይሰማ አይቀርም። እኔ ምን እንዳደረግሁ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ከአጥሩ ማዶ አገኘሁት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እየተንቃጨለ፣ ተከልክሎ በማያውቅ ሰው አረማመድ፣ ሴቶቹ መሃል ገብቼ ቆምኩ። እናቴ ቅጠል ላይ ተቀምጣ ግራ እግሯን በሁለት እጇ ታቅፋ አውራ ጣቷን እፍ እፍ ትለዋለች። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን እያወረዱ ጮሁብኝ። ጎረቤታችን እርጥብ ቃጫ አንስታ ጀርባዬን ገረፈችኝ፤ «ውጣ! ቆጮውን ልታበላሽ ነው!» እያለች። እየሳቀች ነው የምትገርፈኝ፤ እንባዋም ይወርዳል። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ አላፈርኩም።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። «አንተ ደግሞ ምን ቆመህ ታያለህ?» አለች። «እየደማሁ አይደለም እንዴ? ውጣና ጨርቅ አምጣ!»

ሮጥኩ።

ለሾፌሩ ደውዬ አንድ ቦታ ይበቃኛል አልኩት። ቁልፉን ከኪሴ አውጥቼ ለእናቴ ስሰጣት መቀነቷ ላይ ቋጠረችው። ሁሉም ነገር በአንድ ዶሮ ተፈወሰ እንዳልል እፈራለሁ፤ ሐኪሟም ቀድሞውኑ ይመለስ ነበር፣ ሥራው አፋጠነው ብላኛለች። ከዚያ በኋላም አንዳንድ ጠዋት፣ ከእንቅልፏ እንደነቃች፣ እግሩን ለአፍታ እንደ እንግዳ ታየው ነበር አሉ፤ ያኔ ከአልጋዋ ሳትወርድ ወደ ላይ ትሰቅለውና በእጇ ትመታዋለች፤ መታወቂያው ይታደሳል። ዶሮዋን ግን ማንም እንዳያርዳት ተባለ። እንደ ሽማግሌ ተከብራ በሁለቱ ግቢ ትዞራለች። ያ ቆጮ ከጉድጓድ ሲወጣ ጠቆር አለ መሰለኝ፤ እስካሁን የሚወቀሰው በኔ ነው። ጎረቤታችን ደግሞ ባገኘችኝ ቁጥር «እናትህ አደራ በላች፤ እግሬን ወስዳ አስቀረችው» ብላ ትከሳታለች።

አሁን ማታ ማታ ራቱ ሳይቀርብ እደውላለሁ። በቅርቡ ስደውል ድምፅዋ ተቆጥቷል። ከላይኛው ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ደርሳ መጥታለች፤ ያ ዳገት እኔንም ያስተነፍሰኛል።

«ምነው እማዬ?» አልኳት።

«ምን ምነው ትላለህ! ግራ እግሬን አመመኝ። ብርዱ ገባበት መሰለኝ፣ ጉልበቴ ድረስ ይወጋኛል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኳት።

ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ለጎረቤታችን ስትናገር ሰማኋት፤ «ስሚ ጉድ! አመመኝ ስለው እግዚአብሔር ይመስገን ይለኛል፤ እንዲህ ያለ ልጅ ነው ያሳደግኩት።» ወደ ስልኩ ተመልሳ ጮኸች። «እግሬን አመመኝ እኮ ነው ያልኩህ!»

«ሰምቻለሁ እማዬ» አልኳት። «እስቲ ድገሚልኝ።»